የላምበረት መንገድ ከመስፋቱ በፊት ይቆጠር

ለአዲስ አበባ ከተማ የትራንስፖርት፣ የትራፊክ ማኔጅመንትና የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ



እኔ ላምበረት የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፤ ለማማረርማ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሁሉ አለ፣ እኔ አልጨመርበትም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ላምበረት ላይ ሌላ አስፋልት ከመነጠፉ፣ ሌላ አጥር ከመተከሉ፣ እዚያ ያለው የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ከመጀመሩ በፊት በዚህ ቦታ ምን ምን እንደሚያልፍ በወጉ ይቆጠር። ቆጠራው ወደ ትራፊክ ሞዴል ይግባ፤ ሞዴሉ የሚሰጠው መልስም ከነታሳቢዎቹ ለነዋሪው ይነገር። ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይለካ አይቆርጥም።

ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ብዙዎቻችሁ መስታወት ዘግታችሁ ነው የምታልፉትና ላስታውስ። ከመገናኛ ተነስቶ ላምበረትን፣ ወሰንን፣ ኮተቤን ይዞ ካራ የሚደርሰው መንገድ ላይ ላዩን ሲያዩት የሰፈር መንገድ ነው። ያው መንገድ ግን ለገጣፎንና ሰንዳፋን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደሴ የሚያደርሰው የሰሜኑ አገር አቋራጭ ነው። በላይ በኩል የእንጦጦና የየካ ጋራ ይዞታል። ቀለበት መንገዱም በእንጦጦ ግርጌ በኩል አልገጠመም፤ ከጎጃም በር ገብቶ በደሴ በር መውጣት የፈለገ ጭነት ወይ መሐል ከተማውን ይረግጣል፣ ወይ በደቡብ በኩል ዞሮ ይመጣል። በታች በኩል ያለው ከመገናኛ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጎ አያት የሚወጣው መንገድ ነው፤ ቀላል ባቡሩም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የያዘው ያንን ነው። የኮተቤን መስመር ሐዲድ አልነካውም።

ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ጉዞ ተደርቧል። ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው የከተማ ሰው አለ፤ ሻንጣውን ይዞ አገር ቤት የሚሄደው መንገደኛ አለ፤ ጭነት አለ። ሦስቱ የሚጠላለፉት መናኸሪያው በር ላይ ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጎ ያሰላ ጥናት ለነዋሪው ሲቀርብ እስካሁን አላየሁም።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ የቆመ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። «ደሴ! ደሴ!»፣ «ደብረ ብርሃን የሞላ!» የሚሉ ድምፆች ከጨለማው ይመጣሉ። አንዲት እናት ከላዳ ትወርዳለች። ከኋላ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ፣ በፌስታል የታጨቀ ጫማ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ምጣድ አለ። ላዳው ወደ ግቢው አይገባም፤ ጥግ እንዳይዝ ደግሞ ጥጉን ሚኒባሶች ይዘውታል። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ሦስት ተሸካሚዎች ማዳበሪያው ላይ ይረባረባሉ፣ ዋጋ ላይ ክርክር ይነሳል፣ እናትየው «ቆይ እስኪ ልጄ፣ ያቺን ቀስ አድርገህ ያዛት፣ ምጣድ ናት» ትላለች። ባለ ላዳው ዝርዝር የለውም። ይሄ ሁሉ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው።

አንድ ደቂቃ ተኩል ምን አላት? በትራፊክ ምሕንድስና መጻሕፍት ላይ እንደምናገኘው፣ ያልተደናቀፈ አንድ መስመር በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና ያሳልፋል፤ በሰዓት 1,800 ማለት ነው። 90 ሰከንድ ከተዘጋ 45 መኪና ማለፍ ሲገባው አላለፈም። ከ45ቱ አንዱ ሰው እስከ በሩ የታጨቀበት የከተማ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። እናትየው አልፋ ሳትጨርስ ሌላ ላዳ ይመጣል፤ እሱም መቆሙ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የምናየው መፍትሔ «ተነሳ፣ ተነሳ» የሚል ሰው ማቆም ነው። ባለ ላዳው ይነሳል፤ ሃምሳ ሜትር አለፍ ብሎ ደግሞ ይቆማል። ማዳበሪያ ይዞ የመጣን መንገደኛ የሆነ ቦታ ማውረድ የግድ ነውና፣ ቦታው ግቢው ውስጥ ካልተሰጠው አስፋልቱ ላይ ይወስደዋል። በመገናኛ በኩል ቆሞ መኪና ብቻ የሚቆጥር ሰው የሚያየው «የጠበበ መንገድ» ነው። የጠበበበትን ምክንያት አያይም፤ ምክንያቱን ያላየ ጥናት ደግሞ «ይስፋ» ማለቱ አይቀርም።

ወደ ሚኒባሶቹ ልምጣ። ታፔላው «መገናኛ – ኮተቤ» ይላል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን ረዳቱ የሚጣራው «ላምበረት! ላምበረት ብቻ!» እያለ ነው። ተሳፋሪው ላምበረት ላይ ይወርዳል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል፣ ከዚያ ወሰን ወይም ኮተቤ ይገባል። ማቆራረጥ የምንለው ይሄ ነው። ሰዉ ሾፌሩን ይረግማል። ሒሳቡን ለተመለከተ ግን ሾፌሩ ታሪፉ የሚለውን ነው የሚያደርገው። ታሪፍ በርቀት እርከን ሲቀመጥ አጭር ጉዞ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ የተሻለ ይከፍላል፤ ለመኪናው ባለቤት የሚገባው የቀን ገቢ ደግሞ ቁርጥ ነው፣ መንገድ ተዘጋጋ ተብሎ አይቀነስም። ከላምበረት በላይ መንገዱ ቆሞ እያየ እስከ ኮተቤ የሚሄድ ሾፌር በገዛ ኪሱ ነው የሚሄደው።

ለሞዴል ሠሪው የሚከብደው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ቆጣሪ ላምበረት ላይ አቁማችሁ የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ብታስቆጥሩ ላምበረት ሺዎች የሚፈልጉት ትልቅ መዳረሻ ሆኖ ይወጣል። «እዚህ ትልቅ የመቀያየሪያ ጣቢያ ይሠራ» የሚል ምክር ይከተላል። ከዚያ ሰልፍ ላይ ካለው ሰው አብዛኛው ግን ላምበረት ምንም ጉዳይ የለውም፤ ያስወረደው የታሪፍ እርከን ነው። ጣቢያ ቢሠራለት መቆራረጡ ሕጋዊ ይሆናል እንጂ አይቀርም። መቆጠር ያለበት ሰው የት ወረደ የሚለው ሳይሆን ከየት ተነስቶ የት ሊደርስ ነው የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ሰውን ጠይቆ እንጂ በካሜራ አይገኝም።

ሰልፍ የሚመራበት ሕግ አለው፤ ይህን ለማወቅ የላምበረት ነዋሪ መሆን አያስፈልግም። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. የኮፐንሃገን ስልክ ማዕከል መስመሮች ለምን እንደሚጨናነቁ ሲያሰላ የጀመረው ትምህርት ነው ዛሬ ለባንክ ቤት፣ ለወደብ፣ ለታክሲ መቆሚያም የሚያገለግለው። በጣም ቀላል በሆነው ስሌት አንድ መቆሚያ ከጊዜው ግማሹን ሲያዝ በአማካይ አንድ መኪና ነው እዚያ የሚገኘው። 90 በመቶ ሲያዝ 9 ይሆናሉ። 95 በመቶ ሲያዝ 19። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው ጥቂት ነገር ሰልፉን ከእጥፍ በላይ አደረገችው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያለው የእኛ መንገድ በዚያ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ላዳ ሲቆም መገናኛ ድረስ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ግን ይኸው ሕግ ደስ የሚል ጎንም አለው፤ ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ጫፍ ላይ ያለን መንገድ ለማስተንፈስ በእጥፍ ማስፋት አያስፈልግም፤ ከጫናው አምስት በመቶዋን ማንሳት ይበቃል። አምስት በመቶ ደግሞ በግሬደር ሳይሆን በሰዓት ድልድል፣ በአንድ የማውረጃ ግቢ፣ በታሪፍ ማስተካከያ የሚገኝ ነገር ነው። የትኛዋ አምስት በመቶ ትነሳ የሚለውን ግን በግምት አናውቀውም።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በአንድ ሰዓት 3,000 ሰው ወደ ኮተቤ መሄድ ይፈልግ እንበል። 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ከሆነ 250 ሚኒባስ ያስፈልጋል፤ በየ14 ሰከንዱ አንድ። እያንዳንዱ ለማውረድና ለመጫን 40 ሰከንድ ቢቆም ሦስት መቆሚያዎች ትንፋሽ ሳያገኙ መሥራት አለባቸው። 60 ሰው በሚጭን አውቶቡስ ከሆነ 50 ይበቃል፤ በየ72 ሰከንዱ አንድ። የከተማ አውቶቡሶችም በዚህ መስመር ይሠራሉ፣ ነገር ግን አውቶቡሱ ከሚኒባሱና ከላዳው ኋላ ተሰልፎ ሲቆም የ60 ሰው ጥቅሙ እዚያው ይቀልጣል። ከተማዋ ራሷ ባወጣችው ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. በሚቆየው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ መሠረት ከጉዞዎች 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው በግል መኪና ነው። መንገዱን ግን 15 በመቶው ሞልቶት ታገኙታላችሁ።

ስለ ጭነት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ሲኖትራክ ላይ ያርፋል። እኔ ከመናኸሪያው ልጀምር። የደሴ አውቶቡስ ሰው ብቻ ነው የሚጭነው ብሎ ያሰበ ካለ ጣሪያውን አላየም። መድኃኒት፣ መለዋወጫ፣ ልብስ፣ ሞባይል ወደ ላይ ይሄዳል፤ ቅቤ፣ ማር፣ እህል፣ በበዓል ሰሞን በግ ወደ ታች ይመጣል። ዕቃ ላኪው ለረዳቱ አስረክቦ፣ የተቀባዩን ስልክ ማዳበሪያው ላይ ጽፎ ይመለሳል። ተቀባዩ በበኩሉ ላምበረት መጥቶ አውቶቡሱ እስኪገባ መኪናውን ጥግ አስይዞ ይጠብቃል። መናኸሪያው በወረቀት የመንገደኛ ተርሚናል ነው፤ በሥራው ግን የጭነት መጋዘንም ነው፣ ያውም ማራገፊያ የሌለው። በየትኛውም የከተማ ጭነት ቆጠራ ቅጽ ላይ «አይሱዙ»፣ «ተሳቢ» የሚል ሳጥን ታገኙ ይሆናል፤ «የአውቶቡስ ጣሪያ» የሚል ግን አታገኙም።

ቀጥሎ ትልልቆቹ። ደብረ ብርሃን የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ነው፤ የሰሜን ሸዋ እህልም በዚሁ በር ይገባል። ካራ ላይ ደግሞ የከብት ገበያ አለ። በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ሲታገድ የጭነት መኪናዎችም በሰዓት ተገድበው ነበር። ዓላማው ገብቶኛል፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት መሐል መንገድ ላይ ተሳቢ አይፈለግም። ይሁንና የሰዓት ገደብ ጭነትን አያጠፋውም፣ ጊዜውን ያዛውረዋል እንጂ። ሰዓቱ እስኪደርስ ከከተማው ጫፍ ላይ የተኮለኮለው መኪና ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ያ ሰዓት መናኸሪያው አውቶቡሶቹን ከሚያስወጣበት ወይም ከሚቀበልበት ጋር ከገጠመ ችግሩን ከጠዋት ወደ ማታ ገለበጥነው ማለት ነው። ይገጥማል አይገጥምም? ይህ ሞዴል በአንድ ከሰዓት የሚመልሰው ጥያቄ ነው።

ከሁሉም በታች የሚቀሩ አሉ። ከጋራው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው አስፋልቱን ብቻ እያየ የሚወርዱ እናቶችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የስንት ቤት እንጀራ የሚጋገረው በእነሱ ጀርባ በመጣ ማገዶ ነው። ሸክሙ ከትከሻቸው በሁለቱም ጎን ስለሚወጣ ለአንድ ሰው የተሠራ የእግረኛ መንገድ አይበቃቸውም፤ አስፋልቱ ዳር ይወርዳሉ፣ ሚኒባሱም እነሱን ሸሽቶ ወደ ግራ ይወጣል። ይህም የከተማ ጭነት ነው። ጎማ ስለሌለው ከቆጠራ መውጣት የለበትም።

የውጭ አገር ሞዴሎች ብዙ ጊዜ የሚገነቡት «አማካይ የሥራ ቀን» በሚሉት ላይ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይቆጠራል፣ ቀሪው በስሌት ይሞላል። ላምበረት አማካይ ቀን የለውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ተጓዥ በደሴ በኩል ስለሚሄድ ከዚያ ቀደም ያለው ሳምንት ሌላ ዓለም ነው። ለገና የላሊበላ ተጓዥ አለ። የፋሲካ ዋዜማ በግ፣ ዶሮና ሰው በአንድ በር ይገባል። ጥር 12 የየካ ሚካኤል ታቦት ሲገባ መንገዱ ለመኪና ሳይሆን ለምእመኑ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ከዚህ ሌላ የሰሜኑ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ መናኸሪያው ጭር ያለበትን፣ ሲከፈት ደግሞ ሰው የጎረፈበትን ጊዜ አይተናል። የማክሰኞ ሞዴል ይሄን ሁሉ አያውቅም።

ድንበርም አለ። ካራን ስታልፉ ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። እዚያ እያደረ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ግን ጠዋት ሲወጣ የትኛው አስተዳደር መንገድ ላይ እንዳለ አያስበውም። በክፍለ ከተማ ካርታ ላይ የቆመ ሞዴል ከድንበሩ ማዶ የሚመጣውን ተሳፋሪ ከሰማይ እንደወረደ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ሞዴል ሁሉን ይፈታል ከሚሉት አይደለሁም። ቀላል ባቡሩ ሲታቀድ 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 41 ባቡርና 475 ሚሊዮን ዶላር በወረቀት ላይ ተስማምተው ነበር። ባቡሮቹ ሁልጊዜ ይሠራሉ፣ መለዋወጫ ይገኛል የሚለው ግን ታሳቢ ነበር፤ ብዙዎቹ ባቡሮች ሲቆሙ ስሌቱም አብሮ ቆመ። «ከነታሳቢዎቹ ይነገረን» ያልኩት ለዚህ ነው። የተጻፈ ታሳቢ ተሳስቶ ሲገኝ ይታረማል፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረውን ማን ያርመዋል?

መንገድ መጨመር ራሱ ሊጎዳ እንደሚችልም የታወቀ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዲትሪች ብሬስ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንን ነበር፤ ሁሉም ለራሱ ያጠረውን መንገድ ሲመርጥ አዲስ የተጨመረ አቋራጭ የሁሉንም ጉዞ ሊያረዝም ይችላል። ሴኡል ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በቾንግዬቾን ወንዝ ላይ ያለፈውን ከፍ ያለ ፈጣን መንገድ አፍርሳ ወንዙን ገልጣዋለች። ከተማዋ ግን አልታነቀችም፤ በ2004 አውቶቡሶቿን እንደገና አደራጅታ በመንገድ መሐል የራሳቸውን መስመር ሰጥታ ነበርና። አፍርሱ ማለቴ አይደለም። የነሱ ውሳኔ ከቆጠራ በኋላ የመጣ መሆኑን ለማለት ነው።

ገንዘብ የለም የሚለውንም ላንሳው። የዓለም ባንክ በ2016 እ.ኤ.አ. 300 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደለት የትራንስፖርት ሥርዓት ማሻሻያ ፕሮጀክት፣ ትራንሲፕ የሚባለው፣ የአዲስ አበባን የትራፊክ አመራርና መብራት ማዘመንን የያዘ ነበር። እኔ የምለው ግን የዚያን ሽርፍራፊ እንኳ አይፈጅም። ናይሮቢ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ እየተሳፈሩ መስመሮቹን መዝግበው በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የከተማዋን ሚኒባሶች ካርታ አውጥተዋል። ካርታ ያልነበረውና መረን የተለቀቀ የሚመስለው ሥርዓት መስመሩና መቆሚያው ታየ። የእኛ ሚኒባስ ከማታቱ የሚከብድ አይደለም።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። ከግሸን በፊት ባለው ሳምንትና ምንም በዓል በሌለበት ሌላ ሳምንት፣ መገናኛ መውጫ ላይ፣ መናኸሪያው በር ላይና ካራ ላይ ከንጋት 10 ሰዓት እስከ ምሽት 4 ሰዓት ይቆጠር፤ መኪና ብቻ ሳይሆን ሰው፣ ሸክም፣ አህያ፣ የአውቶቡስ ጣሪያ ጭምር። ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ከየት መጣህ፣ የት ልትደርስ ነው፣ ለምን እዚህ ወረድህ ተብሎ ይጠየቅ። ውጤቱ ሲገኝ ሦስት ነገር በሞዴሉ ይፈተን፤ መናኸሪያው ግቢ ውስጥ ለላዳና ለዕቃ የማውረጃ ቦታ ቢሰጥ፣ የረጅም ርቀት አውቶቡሶች መውጫ ቢሸጋሸግ፣ ጠዋትና ማታ ከመገናኛ ኮተቤ አንድ መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ቢለቀቅ። መስፋቱም አራተኛ ሆኖ ይግባበት፤ ያሸንፍ እንደሆነ እኔም አጨበጭባለሁ። ውጤቱን ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ብታቀርቡልን ተሸካሚውም፣ ተራ አስከባሪውም፣ ባለ ላዳውም እንዲመጡ ይጠሩ፤ በር ላይ የሚሆነውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለቆጠራው የሚሆኑ ተማሪዎች አሉኝ፤ ቅጹንም አዘጋጅተናል። ከናንተ የምንፈልገው ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ነው፤ መናኸሪያ በር ላይ ወረቀት ይዞ የሚጽፍ ልጅ ያለ ደብዳቤ ከተገኘ ከመቁጠር ይልቅ ሲጠየቅ ነው የሚውለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላምበረት ነዋሪ